የዋንዛ አናት እንግዳ

ደሴ ዙሪያ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለፈትሂያ ጀማሉዲን፣ ጅማ

አሰላሙ ዓለይኩም የኔ ወለላ። ከጆሮዬና ከጎረቤቴ ከበላቸው በቀር ሁሉም ነገር ደህና ነው። ጆሮዬ አይሰማም፣ በላቸው ደግሞ ዝም አይልም፤ አላህ አመጣጥኖ ነው የሰጠኝ፣ አልሃምዱሊላህ።

በስልክ ለምን አናወራም ላልሽው፣ ባለፈው ስትደውዪ እኔ የሰማሁት የንብ ቀፎ ነው። «እሺ፣ እሺ» ያልኩሽም ለምን እንደሆነ አላውቅም። ላገባ ነው ብለሽኝ ከነበረ እሺታዬን አንስቻለሁ። ደብዳቤ ይሻለናል። አንቺ በእጅሽ ጽፈሽ ፎቶውን ለአትጠገብ ላኪላት፤ እሷ ፒያሳ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ በሚኒባስ ሹፌር ትሰድልኛለች። የኔንም ፎቶ አንስታ ትመልስልሻለች። አንድ ችግር ብቻ አለ፣ ከእኔ በፊት ታነበዋለች። (አትጠገብ፣ ይህንንም እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ያለፈው ወረቀት ቀለሙ ደብዛዛ ነበር፤ ወሬውን ቀንሰሽ ቀለም ግዢ።)

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሰው ለእረፍት ላንጋኖ ይሄዳል፤ አባትሽ ቤተሰቡን ጭኖ የድሮ የጦርነት ቦታ ማየት አማረው? ያውም እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን? ገርሞኛል፤ ደስታው ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ወንድም ከወንድሙ የተዋጋበትን ቦታ ፈልጋችሁ ከሆነ አገሩን አልሳታችሁም፤ እኛ ጋ ሞልቷል። ንጉሥ ሚካኤል ወደ ሰገሌ ከመዝመታቸው በፊት ሲያበሉ ሲያጠጡ የኖሩበትን አዳራሽ ታያላችሁ። የደርግ ጊዜ ምሽግ ታያላችሁ። የ2014ቱን ግን ለጉብኝት አላቀርብም። እሱ ገና ታሪክ አልሆነም፤ በበላቸው ቆርቆሮ ላይ የተወው ቀዳዳ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያወራናል።

አስጎብኚው እኔ ነኝ፤ ሌላ እንዳትቀጥሩ። ከቤቴ በላይ ያለውን ዋንዛ አናትን ታውቂዋለሽ። ልጅ ሳለሽ «ወርቅ ተቀብሮበታል» ብዬሽ ማንኪያ ይዘሽ ስትቆፍሪ የዋልሽበት ተራራ ነው። ያ የቆፈርሽው ቦይ ወታደሮቹ ከ1982 ጀምሮ የተኙበት ምሽግ ነበር። ወርቅ ባታገኚም ታሪክ ላይ ተቀምጠሽ ነበር ማለት ነው፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም።

እዚያው ተራራ ላይ አንድ እንግዳም አለን። ያ የደርግ ጊዜ ጦርነት ካለፈ ጀምሮ ተኝቷል፤ ስሙን እስከ ዛሬ አልነገረንም። የሱን ነገር ስትመጡ አወራላችኋለሁ። መግቢያው አንድ ጣሳ የጅማ ማር ነው።

አባትሽን ደህና ጫማ ያድርግ በዪው። ባለፈው በዚያ ሹል ጫማው ዳገቱን የወጣው በአራት እግሩ ነው።

አያትሽ በሺር


ጅማ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዓለይኩሙ ሰላም አባባ፣

አላገባሁም። በስልክ የጠየቅሁዎት የጫማ ቁጥርዎን ነበር። «አርባ አራት ነው?» ስልዎት እሺ ስላሉኝ አርባ አራት ገዝቻለሁ። ካልሆነ ጥፋቱ የንቦቹ ነው።

እዚህ ቤቱ ተገልብጧል። እናቴ ሻንጣ ካሁኑ አውጥታለች። እኔ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ነግሬ ጨርሻለሁ። ደብዳቤዎን እራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ማንኪያው ጋ ስደርስ ሁሉም ሳቁብኝ። እንግዳው ጋ ስደርስ ግን አባዬ ተነሥቶ ወጣ። ግቢ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። «ስንት ዓመት ይሆነው እንደነበር አያትሽን ጠይቂልኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪው» አለኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ እነግርዎታለሁ። አትጠገብ፣ ባክሽ ይህችን ገጽ ለራስሽ ያዣት።

የአባዬ ታላቅ ወንድም ካሊድ ዐረብ አገር ነው ተብሎ የተነገረዎት ውሸት ነው። የአባቴ እናት እማ ቡዜ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ልጆቿን ይዛ በሠፈራ ወደ ጅማ እንደመጣች ያውቃሉ። በ81 ካሊድን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከረሃብ ያወጣችውን ልጅ መልሰው ወደ ወሎ ላኩባት። አብሮት የነበረ አንድ ሰው በኋላ ሲመለስ «ደሴ አጠገብ ምሽግ ውስጥ ተለያየን» አላት። ሌላ ነገር አልሰማችም። መንግሥት ተለወጠ፣ መርዶ የሚነግራት ሰው አልመጣም።

መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጠችም። በስሙ ላይ «አላህ ይዘንለት» ማለት በቤታችን ክልክል ነው። «አላህ ያምጣው» ነው የምንለው። እኔ ስሙን ስሰማ ያደግሁት እንደዚያ ነው። አንድ ጊዜ የመስጊዱ ሰው ተሳስቶ «አላህ ይዘንለት» ቢል ሳህኑን ከፊቱ አንሥታበታለች።

አሁን አባዬ ሽርሽር ነው ይላል፤ ሙዚየም፣ ምሽግ፣ ፎቶ። እማ ቡዜም ልትመጣ ነው። ከሄደች ጀምሮ ወሎን አልረገጠችም። እሷ ግን ሽርሽር አላለችም፤ «ልጄን ልጠይቅ ነው የምሄድ» ነው ያለችኝ።

ስለዚህ ይንገሩኝ። እንግዳው ምን ለብሶ ነበር? ስንት ዓመት ይሆነዋል? የካሊድ የላይኛው የፊት ጥርሱ ጫፉ የተሸረፈ ነው፤ ይህን አስተውላችሁ ነበር?

ልጅዎ ፈትሂያ


ደሴ ዙሪያ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈትሂያ፣ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽ የመጣው ታሽጎ ነው። አትጠገብ ወረቀቱን አጥፋ በፕላስተር ዙሪያውን ለጥፋ ላከችው። ይህች ልጅ ስታሽግ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንብባ እንዳለቀሰች ሹፌሩ ነገረኝ።

ስለ ጫማው፣ አርባ አንድ ነኝ። አርባ አራቱን ለበላቸው እሰጠዋለሁ፤ እግሩ እንደ ወሬው ረጅም ነው።

የእንግዳውን ነገር ልንገርሽ። ከመጣችሁ በኋላ እያሳሳቅሁ ላወራው አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ቀድመሽ ብታውቂው ይሻላል።

ተኩሱ ወደ ደሴ አልፎ ሲሄድ ቅሬው ተጠራ። ቅሬ ምን እንደሆነ እናትሽ ነግራሽ ይሆናል፤ እኛ ጋ ሰው ሲሞት እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚወጣበት ማኅበር ነው። ምሽጉ አፋፍ ላይ አንድ ሰው ወድቆ አገኘን። ሱሪው ካኪ ነው፤ ከላይ የገበሬ ጋቢ ደርቧል። የየትኛው ወገን ጦር ይሁን፣ ወይም እንደኛ ገበሬ ይሁን አላወቅንም። ወረቀት የለው፣ መታወቂያ የለው። አንገቱ ላይ ጥቁር ክር አለ።

እኛ እስላሞቹ ክሩን አይተን «ማተብ ነው፣ የናንተ ሰው ነው» አልናቸው። እነ በላቸው ደግሞ «የለም፣ ይህ የክታብ ክር ነው፣ የናንተ ሰው ነው» አሉን። አንቺዬ፣ የተጣላነው ላለመቅበር እንዳይመስልሽ! እንግዳውን በራሱ ወግ ልናከብረው ነው። እኛ ክርስቲያን ነው ብለን ቄሱን ልንጠራ ወረድን። እኛ ስንወርድ በላቸውና ጎረምሶቹ እስላም ነው ብለው ጉድጓዱን በኛ ደንብ ቆፈሩት፣ ጎኑን ፈልፍለው ፊቱን ወደ ቂብላ አዞሩት። ቄሱን ይዘን ስንመለስ እነሱ ሼሁን አስጠርተው ጠበቁን። ምን ይደረግ? ቄሱም ፈታው፣ ሼሁም ሰገደበት። ወላሂ፣ በወሎ ምድር እንደዚያ ሰውዬ ጥንቅቅ ተደርጎ የተቀበረ የለም።

እስከ ዛሬ እኛ የነሱ እንግዳ ነው እንላለን፤ እነሱ የኛ ነው ይላሉ። ለዚህ ነው ሁለታችንም የምናጥረው የመቃብሩ አጥር ፈርሶ የማያውቅ፤ ማንም ሌላውን ሊያሳፍር አይፈልግም።

የቀረውን ጥያቄሽን አሁን አልመልስም። ዕድሜውንም ጥርሱንም። ቅር አይበልሽ፤ መጀመሪያ ከበላቸው ጋር የማወራው አለ።

አያትሽ በሺር


ጅማ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ በሺር፣

ዝምታዎ ነገረኝ። ካሊድ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ሚኒባስ ላይ ወጥተው፣ አትጠገብን ከሱቋ ጎትተው በስልክ ያስጮኹብኝ ነበር። አይደለም ማለት ነው። አባዬ የሰውየውን ዕድሜ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ደብዳቤ መጣ ወይ ሲል «በላቸው ጫማ አገኘ» ብቻ አልኩት።

እማ ቡዜ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ጠዋት ጠዋት ግቢውን እየዞረች እግሯን ታለማምዳለች፤ «ዳገት አለበት አሉ» ትላለች። ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ወሎ ልሄድ ነው» ትላለች፤ እኔ ስስቅ «ምን ያስቅሻል አንች!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ትመታኛለች። እንዲህ ስትሆን ዐይቻት አላውቅም። አውሮፕላኑ ምሳ ይሰጣል ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ይቅርታዎን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ነው ይበሏት። «ልጅሽ ነው፣ እኔ በእጄ ቀበርሁት» ይበሏት። ጥርሱንም ይናገሩ። እርስዎ ለእኔ ስንት ነገር ዋሽተውኛል፤ ወርቁን፣ ጅቡ በኦሮምኛ ሰላም ያለዎትን፣ ጦሳ ተራራ ሌሊት ሌሊት እንደሚተነፍስ። ሁሉንም አምኜ ነው ያደግሁት፣ ምንም አልጎዳኝም። አሁን ለአንድ አሮጊት አንድ ውሸት ምን አለበት? አርፋ ታለቅሳለች። አርፋ ትሞታለች። አባዬም ያርፋል።

ሌላ ማን ሊነግራት ይችላል? እርስዎ ብቻ ነዎት።

ፈትሂያ


ደሴ ዙሪያ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈትሂያ፣

እንደምን አለሽ የኔ ልጅ። እኔ ዛሬ ከጆሮዬ ሌላ ራሴንም ያመኛል፤ ከበላቸው ጋር ስጨቃጨቅ ሰነበትኩ።

ጉድ ልንገርሽ። በላቸው በዕድሜው ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ስለሚሸጠው በሬ «ይራገጣል» ብሎ ገዢ የሚያባርር። ደብዳቤሽን ሳነብለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ንገራት። እኔም እመሰክራለሁ። እግዜር ለዚህ አይቀየመንም።» እኔ ደግሞ፣ አገሩ ሁሉ በውሸቱ የሚያውቀኝ፣ እምቢ አልኩ። ሚስቴ ኡሙሰልማ በሁለታችን መካከል ተቀምጣ «ዛሬ ነፍሳችሁን ተለዋወጣችሁ እንዴ?» አለች።

ምክንያቴን ስሚ። የኔ ውሸት ሁሉም ሰው ውሸት መሆኑን የሚያውቀው ነው። አንቺ እንኳ ማንኪያውን ይዘሽ ስትወጪ በዐይንሽ ጥግ ታዪኝ ነበር። ጅቡን ያመንሽው ስለጣፈጠሽ እንጂ ስለተታለልሽ አይደለም። ሰሚው የማያውቀው ውሸት ግን ቀልድ አይደለም የኔ ወለላ፣ ሌብነት ነው።

ደግሞ ከማን ነው የምሰርቀው? ጢሙ ሽበት ነበረበት። ያኔ ከእኔ በዕድሜ ይበልጥ ነበር። ጥርሱ ሙሉ ነው። እንግዳውም እናት ነበረችው። ሚስትም፣ ልጆችም ኖረውት ይሆናል። አንድ ቀን ያንቺን አባት የመሰለ ሰው ሹል ጫማ አድርጎ ዳገቱን እየዳኸ ቢመጣና «ጢማም ነበር፣ ጥቁር ክር ያስር ነበር» ቢለኝ ምን ልበለው? «ለቡዜ ሰጥቻታለሁ» ልበለው?

ስለዚህ ለቡዜ የምነግራት እኔው ነኝ፤ እውነቱን። አንቺ አትሸከሚው። አባትሽንም አትንገሪው።

አሁን ይበቃናል፣ ወደ ሽርሽሩ! ኮምቦልቻ ኤርፖርት ሚኒባስ ተከራይቼ እጠብቃችኋለሁ፤ ሹፌሩ ቀስ እንዲል አስምዬዋለሁ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወጡ ግን ለማንኛውም ዱዓ አድርጉ። መጀመሪያ ቀን ፒያሳ፣ ከዚያ ሙዚየም፤ በ2014ቱ ብዙ ዕቃ ጠፍቶበታል፣ የተረፈውን እናያለን። ሁለተኛ ቀን ዋንዛ አናት። ለቡዜ በቅሎ አዘጋጅቻለሁ። ለአባትሽም ሌላ በቅሎ ፈልጌ ነበር፤ በቅሎዋ ስለ አባትሽ ሲነግሯት እምቢ አለች።

ምሽጉን እየጠረግሁ ነው። አንዳንድ ታሪካዊ ዕቃዎችም አግኝቻለሁ። ኑ ብቻ!

በሺር


ጅማ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ፣

በሰላም ገብተናል፣ አልሃምዱሊላህ። አባዬ እስካሁን እግሩን ያነክሳል። እናቴ ለሰው ሁሉ ፎቶ ታሳያለች። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ አፌን አልዘጋሁም፤ ክፍል ውስጥ ስለ ምሽጉ ሳወራ መምህሩ ወንበሩን ሰጥቶኝ ቁጭ ብሎ ሰማኝ።

አንድ ነገር ግን ይቅር አልልዎትም። «ጄኔራሉ የመጨረሻ ሻዩን የጠጣበት ነው» ብለው ከምሽጉ ቆፍረው የሰጡኝን ጣሳ ቤት ወስጄ አጠብኩት። ከሥሩ «የቲማቲም ድልህ፣ የተመረተበት 2015» ይላል። ያውም ለመምህሩ ካሳየሁት በኋላ!

ስለ ተራራው ልጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። እማ ቡዜን ከበቅሎ አውርደው ወደ አጥሩ ይዘዋት ሲሄዱ እኛን ከምሽጉ ጋ ቁሙ አሉን። ያየሁት ጀርባችሁን ብቻ ነው። ምን እንዳሏት አልሰማሁም።  አባዬ እጄን ይዞ «አይደለም፣ አይደል?» አለኝ። ያኔ ነው ያወቀው።

ከዚያ ጩኸቷን ሰማን። ልጄ ብላ አልጮኸችም። «የማን ልጅ ነህ! እናትህ ማን ናት! ማን ይንገራት!» ነበር የምትለው። ለማያውቁት ሰው እንደዚያ ሲለቀስ ዐይቼ አላውቅም። ጋሽ በላቸው መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያ የቅሬው ሴቶች ከየት እንደመጡ ሳላይ ከበዋት አብረው አለቀሱ። ሠላሳ አምስት ዓመት የያዘችው እንባ ለዚያ ጢማም ሰውዬ ወጣ።

ስንወርድ ሁላችንም አበቃ ብለን ነበር። አባዬ ቀስ ብሎ «እማ፣ ለካሊድም…» ሲላት በቅሎዋ ላይ ሆና «ካሊድን አላህ ያምጣው» አለችው። እንደ ድሮው።  አባዬ የሄደው ለእሷ ብሎ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳየው ለራሱም ነበር። ልጅ ሆኖ ወንድሙን ሲወስዱት መኪናውን ተከትሎ የሮጠው እሱ ነው። ሰው ለወንድሙ ማልቀስ የሚችለው እናቱ ስትፈቅድለት ነው፤ እስካሁን አልፈቀደችም።

ለሳምንት ትቆያለች ብላችሁ ከኡሙሰልማ ጋር ያስቀራችኋትን እማ ቡዜን መቼ ነው የምትመልሷት? ምን እየሠራች ነው? ስደውል አትጠገብ «ደህና ናት» ብቻ ብላ ትዘጋለች። አትጠገብ ወሬ ደብቃ አታውቅም። ፈርቻለሁ።

ፈትሂያ


ደሴ ዙሪያ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈትሂያዬ፣

አትጠገብን ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ፤ አትቀየሚያት። ዝምታው ሊገድላት ደርሶ ነበር፤ ሁለት ቀን ሱቋን ዘግታ ታመምኩ አለች። ስለ ድልሁ ጣሳ ደግሞ፣ ጄኔራሉ ቲማቲም አይወድም ነበር ያለሽ ማነው?

አሁን ተቀምጠሽ አንብቢ። ብቻሽን።

ቡዜ እዚህ ደህና ናት። በየቀኑ ከኡሙሰልማ ጋር ትወጣለች፤ የሞተበት ካለ ትደርሳለች፣ የታመመ ካለ ትጠይቃለች። ወደ ቢስቲማ መንገድ ላይ ያለች የልጅነት ጓደኛዋን እንኳ ፈልጋ አገኘቻት፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲስቁ የኔም ጆሮ ሰማቸው። ጥር 26 ቀን፣ ሰኞ፣ አንዲት ጎረቤታችን ልጇ ዐረብ አገር ሞቶባት መርዶ ሊነገራት ቅሬው ጎሕ ሲቀድ ተሰበሰበ። ቡዜም አብራን ሄደች። በላቸው እንደ ደንቡ በሩን አንኳኳ፣ ሴትዮዋ ሰዎቹን ስታይ ገባት፣ ጮኸች፣ ያዟት፣ ድንኳን ተተከለ። ቡዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆማ አየች።

ማታ ምግብ አልበላ አለች። ከዚያ ጠራችኝ።

«በሺር፣» አለችኝ፣ «ለኔ በር ያንኳኳልኝ የለም።»

ከፊቷ ተቀመጥኩ።

«ስትዋሽ እንደምታስታውቅ ኡሙሰልማ ነግራኛለች፤ ጆሮህን ታካለህ አለች። ተራራው ላይ አይቼሃለሁ፣ ጆሮህን አላከክህም። ያ ሰው ያንቺ ልጅ አይደለም ስትለኝ እውነትህን ነበር። ስለዚህ የምታረዳኝ አንተ ነህ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም።»

«ቡዜ፣ እኔ አላየሁም። የት እንደወደቀ አላውቅም» አልኳት።

«እኔ አውቃለሁ» አለችኝ። «ድሮ ነው ያወቅሁት። ግን መርዶ ሰው ለራሱ አይናገርም።»

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ቅሬው መጣ። እኔም ከገዛ ቤቴ ወጥቼ፣ ከገዛ ቤቴ በር ፊት ቆሜ አንኳኳሁ። ኡሙሰልማ ከፈተች። ቡዜ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቆማ ነበር። ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ቡዜ፣ ልጅሽ ካሊድ ከጦርነት አልተመለሰም። አይመለስም። አላህ ይዘንለት» አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም። ሰዉ «አሚን» አለ፣ እነ በላቸው «ነፍስ ይማር» አሉ። ልትቆጣን ትችላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ «አሚን» አለች። ከዚያ ተቀመጠች፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አገሩ ሲመጣ ሲሄድ ሰነበተ። በ77 ከመሄዷ በፊት የሚያውቋት አሮጊቶች ሁሉ እየተመሩ መጡ። ካሊድ በልጅነቱ ፍየል ጋልቦ የወደቀበትን፣ ጥርሱም ያኔ የተሸረፈበትን አስታውሰው አወሩላት። አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ሐሙስ እንነሣለን፤ ቡዜ፣ እኔ፣ ኡሙሰልማና በላቸው። ቅሬው ትኬቱን ቆረጠልን፤ «ለቅሶ ሩቅ ነው ተብሎ አይቀርም» አሉ። ረመዳን ሳይገባ መድረስ አለብን። በላቸው አውሮፕላን ሲሳፈር የመጀመሪያው ነው። «ሲነሣ ሁሉም ተሳፋሪ ወርዶ ይገፋል» ብዬዋለሁና አርባ አራቱን ጫማ ከአሁን ጀምሮ አድርጎት ይሄዳል።

ለአባትሽ ምንም አትበዪው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በደብዳቤም አይነገርም፤ ላንቺ የነገርኩሽ አንድ ሰው ከውስጥ መዘጋጀት ስላለበት ነው። ለጎረቤቶቻችሁ ግን ሹክ በዪያቸው፣ ድንኳንና ወንበር ያዘጋጁ። እናትሽንም ንገሪያት።

ቡዜ ራሷ ናት ለአባትሽ የምትነግረው። ከሰዉ ፊት ቆማ «ልጄ፣ ወንድምህ አረፈ፣ አልቅስ» ልትለው ነው። ይህን ለማለት ነው የምትመጣው።

አርብ ጠዋት ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል። አንቺ ክፈቺልን።

አያትሽ በሺር